ስንት ነን? ስለ እኛ የሚነገረው ቁጥር ከየት ይመጣል፣ ምንስ ይጠቅመናል?

(የዚህ ሳምንት ዝግጅት በጽሑፍ)

 

በየዓመቱ ስግድ ሲቃረብ በዜና አንድ ቁጥር እንሰማለን። "በእስራኤል አገር የሚኖሩ የኢትዮጵያ ተወላጆች ይህን ያህል ደረሱ" ይባላል። ቁጥሩን የሚያወጣው የመንግሥቱ ማዕከላዊ የስታቲስቲክስ ቢሮ ነው፤ በዕብራይስጥ ባጭሩ "ላማስ" የምንለው። ዜናው ይነገራል፣ በማግስቱ ይረሳል። ዛሬ ግን እዚያው ቁጥር ላይ ቆም እንበል። ማን ቆጠረን? እንዴት ቆጠረን? ማንን አስገብቶ ማንን ተወ? ቁጥሩስ የልጆቻችንን ትምህርት ቤትና የሽማግሌዎቻችንን ጡረታ እንዴት ይነካል? ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን እናገራለሁ።

መቁጠር ለምን ያስፈራናል?

ብዙ አባቶችና እናቶች "ስንት ልጆች አሉህ?" ሲባሉ ወዲያው አይመልሱም። "እግዚአብሔር የሰጠኝን ያህል አሉኝ" ብለው ያልፉታል። ልጅና ከብት መቁጠር ዓይን ያመጣል የሚል እምነት ነበረና። ይህ ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 ሕዝቡ ሲቆጠር መቅሠፍት እንዳይወርድበት እያንዳንዱ ሰው ግማሽ ሰቅል እንዲሰጥ ታዝዟል። በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 ደግሞ ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን በማስቆጠሩ ቸነፈር መጣ። በሌላ በኩል ግን ከኦሪት መጻሕፍት አንዱ ስሙ ራሱ "ዘኍልቍ" ነው፤ የቁጥር መጽሐፍ ማለት ነው። እና መቁጠር በራሱ ክፉ ነው አልተባለም። ጥያቄው ማን፣ ለምን ዓላማ፣ በምን ሥርዓት ይቆጥራል የሚለው ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። በአገራችን መንግሥት ስም የሚመዘግበው አንድም ለግብር፣ አንድም ለዘመቻ ነበር። በደርግ ጊዜ ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ቀበሌው ወጣቱን ለማግኘት የሄደው ወደ መዝገቡ ነው። ይህን ያየ ሰው በሩ ተንኳኩቶ "እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?" ሲባል ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ስለዚህ አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። የሕዝብ ቆጠራ ማለት ስለ አንድ ሰው ለማወቅ የሚደረግ ሥራ አይደለም፤ ስለ ብዙ ሰው ለማወቅ የሚደረግ ነው። ስታቲስቲክሱን የሚሠራው ሰው የእናንተን መልስ ከሺዎች መልስ ጋር ይደምረዋል፤ የሚታተመው ድምሩ ብቻ ነው። ግማሽ ሰቅሉን አስቡት እስቲ። ሀብታምም ድሃም እኩል ግማሽ ሰቅል ነው የሚያስቀምጠው። መጨረሻ ላይ የተሰበሰበው ሲቆጠር የሕዝቡ ብዛት ይታወቃል፤ የትኛው ሰቅል የማን እንደሆነ ግን ማንም አይለይም። ዘመናዊ ቆጠራም መሆን ያለበት እንዲህ ነው።

እስራኤል ሕዝቧን እንዴት ትቆጥራለች?

የመጀመሪያው ቆጠራ የተደረገው ኅዳር 8 ቀን 1948 ነው፤ አገሪቱ ከተመሠረተች ገና ስድስት ወር አልሞላትም፣ ጦርነቱም አላለቀም ነበር። ሕዝቡ ለ7 ሰዓታት ያህል ከቤት እንዳይወጣ ሰዓት እላፊ ታወጀና ቆጣሪዎች በየቤቱ ዞሩ። ሥራውን የመሩት የስታቲስቲክስ ቢሮው መሥራች ፕሮፌሰር ሮቤርቶ ባኪ ናቸው። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው የቴዑዳት ዜሁት ቁጥር መሠረቱ ያ ምዝገባ ነው። በ1949 መጀመሪያ ለተደረገው የመጀመሪያው የክኔሴት ምርጫም የመራጮች መዝገብ ከዚያ ወጣ። በአንጻሩ በጦርነቱ ምክንያት ከቤታቸው የራቁ አረቦች በዚያ መዝገብ አልገቡም፤ ይህም በኋላ በዜግነት መብታቸው ላይ ትልቅ ጉዳይ ሆኖ መጣ። አያችሁ? በአንድ ምሽት መቆጠርና አለመቆጠር የሰው ሕይወት ይለውጣል።

ከዚያ በኋላ በ1961፣ በ1972፣ በ1983፣ በ1995፣ በ2008 እና በ2022 ቆጠራ ተደርጓል። ከመጀመሪያው ጋር ሰባት መሆናቸው ነው። የእኛ ወገኖች በብዛት የመጡት በሚቭጻ ሞሼ፣ ማለትም ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በሚቭጻ ሽሎሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በገባበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ዘመቻዎች አንድ ላይ ያገኘው የመጀመሪያው ቆጠራ የ1995ቱ ነው።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ቆጠራዎች ግን ከድሮዎቹ ይለያሉ። ቆጣሪ እያንዳንዱን ቤት አያንኳኳም። መነሻው የሚስራድ ሃፕኒም የሕዝብ መዝገብ ነው። እዚያ ላይ ሌሎች የመንግሥት መዝገቦች ይጨመራሉ። ከዚያ በናሙና የተመረጡ ቤተሰቦች ብቻ በኢንተርኔት፣ በስልክ ወይም ቤታቸው በሚመጣ ጠያቂ አማካይነት ይጠየቃሉ።

"መዝገቡ ካለ ለምን ይጠይቁናል?" ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መዝገብ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ልጃችሁ ሥራ አግኝቶ ቤኤርሼቫ ከገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል እንበል፤ አድራሻውን ስላልቀየረ ግን በመዝገቡ ላይ ዛሬም እዚህ ናታንያ እናንተ ጋር ነው የሚኖረው። ውጭ አገር ሄዶ የቀረም እንዲሁ። እንዲህ ያለው ስሕተት በሺህ ሲባዛ ዒሪያው ልጅ በሌለበት ሰፈር ጋን ይሠራል፣ ልጅ በሞላበት ሰፈር ደግሞ ቦታ ይጠፋል። ናሙናው ያንን ያርማል። ከዚያም በላይ በመዝገብ የማይገኙ ነገሮች አሉ፤ አንድ ቤት ውስጥ ስንት ትውልድ አብሮ ይኖራል? ሰው ወደ ሥራው በምን ይሄዳል? ስንት ክፍል ለስንት ሰው? እነዚህን ሰውየው ራሱ ካልተናገረ ማንም አያውቃቸውም።

"የኢትዮጵያ ተወላጅ" ማለት ማን ነው?

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። በ2019 መጨረሻ በወጣው አኃዝ በእስራኤል 155,300 የኢትዮጵያ ተወላጆች ነበሩ። ከእነዚህ 87,500ው ኢትዮጵያ የተወለዱ፣ 67,800ው እዚህ አገር የተወለዱ ናቸው። በ2022 መጨረሻ ቁጥሩ 168,800 ደርሷል፤ ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ 1.7 ያህሉ ማለት ነው። በመካከሉ ልጆች ተወልደዋል፣ ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ ደግሞ በ"ጹር ይስራኤል" ዘመቻ ከአዲስ አበባና ከጎንደር ወገኖች ገብተዋል።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚህ አገር የተወለደው ልጅ በምን ታውቆ ተቆጠረ? ለብዙ ዓመታት በወጡት የስግድ መግለጫዎች ላይ መለኪያው "አባቱ ኢትዮጵያ የተወለደ" የሚል ነው። አባት ኢትዮጵያ ከተወለደ ልጁ በቁጥሩ ይገባል። አባትየው እዚሁ ከተወለደስ? በዚህ መለኪያ ልጁ በቁጥሩ አይገባም፤ "የእስራኤል ተወላጅ ልጅ" ይሆናል።

ይህ ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ አይደለም። በ1985 የመጣ የአምስት ዓመት ሕፃን ዛሬ አርባውን አልፏል፤ የእሱ ልጆች ተቆጥረዋል። በ1990 ሃዳሽ ገብተው በነበሩ ወላጆች እዚህ የተወለደ ልጅ ግን ዛሬ ራሱ አባት ነው፤ የእሱ ልጆች አልተቆጠሩም። አያቶቻቸው በስግድ ቀን እየሩሳሌም ይዘዋቸው ይወጣሉ፣ ቤት ውስጥ እንጀራ ይበላሉ፣ መልካቸው ያው መልካችን ነው። በቁጥሩ ውስጥ ግን የሉም። ስለዚህ "ቁጥራችን ስንት ነው?" ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም። መልሱ የሚወሰነው "እኛ" የምንለው ማን እንደሆነ ስንስማማ ነው። ዓመታት በሄዱ ቁጥር የዚህ ልዩነት ስፋት እያደገ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ አለ፤ ሁለቱንም በየምኩራቡም በየሰርጉም እሰማለሁ። አንደኛው ወገን "የልጅ ልጆቻችንም ለብቻ ይቆጠሩ" ይላል። በትምህርት፣ በሥራ፣ በፖሊስ እጅ ልዩነት ካለ ቁጥር ከሌለን በምን እናሳያለን? በ2016 የወጣው የፓልሞር ኮሚቴ ዘገባ በእኛ ላይ ስለሚደርሰው ዘረኝነት ሲናገር ከሰዎች ምስክርነት ጋር ቁጥርም ይዞ ነው የቀረበው። ሌላኛው ወገን ደግሞ "እዚህ የተወለደ፣ አባቱም እዚህ የተወለደ ልጅ እስከ መቼ 'ዖሌ' እየተባለ ይቆጠራል? የሩሲያው ልጅ በሦስተኛው ትውልድ እስራኤላዊ ብቻ ከሆነ የእኛስ?" ይላል። መንግሥትም ከ2015 ወዲህ "አዲሱ መንገድ" ባለው ፖሊሲ ለብቻ የተለዩ ፕሮግራሞችን እየቀነሰ ወደ ጋራው አገልግሎት ለማዞር እንደሚሠራ ተናግሯል። ሁለቱም ሐሳብ እውነት አለው። እኔ የምለው፣ ክርክሩን እኛው እናድርገው፤ መለኪያው ሲወሰን ዝም ብለን አንገኝ።

ናታንያ፦ ብዛትና ድርሻ

"የኢትዮጵያ ተወላጅ በብዛት የሚኖርበት ከተማ የትኛው ነው?" ከተባለ መልሱ የእኛው ናታንያ ነው። ከ10 ሺህ በላይ ወገኖች እዚህ ይኖራሉ። "ከከተማው ሕዝብ ውስጥ የኢትዮጵያ ተወላጅ ድርሻ ከፍ ያለበት የትኛው ነው?" ከተባለ ግን መልሱ ይለወጣል፤ ቂርያት ማላኪ ይሆናል። ናታንያ ከ220 ሺህ በላይ ሕዝብ ስላላት እኛ ከሃያ ሰው አንድ ያህል ነን። ቂርያት ማላኪ ትንሽ ከተማ ስለሆነች በቁጥር ከእኛ ያነሱ ሆነው ሳለ ከስድስት ሰው አንድ ያህል ይሆናሉ።

ሁለቱም ትክክል ነው፤ ግን ለተለያየ ሥራ ነው የሚያገለግሉት። አማርኛ የሚችል ነርስ ወይም የማኅበራዊ ሠራተኛ ስንት እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ብዛቱን ነው የምታዩት። በከተማው ምክር ቤት ድምፃችን ምን ያህል ይሰማል ለሚለው ደግሞ ድርሻውን።

ሦስተኛ ነገር አለ፤ አማካይ። አማካይ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ናታንያ ውስጥ በዒር ያሚም ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ፎቅ አለ፤ በሐፍጺባ፣ በአዞሪም፣ በቂርያት ኖርዳው ደግሞ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው አሮጌ ሺኩኒም አሉ። ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው። በአንድ ሰፈር የቤተሰብ ገቢ 30 ሺህ ሸቀል፣ በሌላው 10 ሺህ ቢሆንና የቤተሰቡ ብዛት እኩል ቢሆን አማካዩ 20 ሺህ ነው። 20 ሺህ የሚያገኝ ሰው ግን በሁለቱም ሰፈር የለም! ከተማውን በአማካይ ብቻ የሚያይ ባለሥልጣን "ደህና ናቸው" ብሎ ያልፋል።

የቆጠራ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ላማስ ከተሞችን "ኤዞር ስታቲስቲ" ወደሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ይከፋፍላቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሺህ ነዋሪ ይይዛሉ። የቆጠራው ውጤት በእነዚህ ክፍሎች ሲወጣ ሰፈር ከሰፈር ይለያል። የሰፈር ኮሚቴ ወይም የወላጆች ኮሚቴ ወደ ዒሪያ ሲሄድ "ይመስለናል" ከሚል ይልቅ "በእናንተው ቁጥር መሠረት" ብሎ መናገር ይችላል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባል የለ? የአንድ እናት አቤቱታ የአንድ እናት ነገር ተደርጎ ይታለፋል፤ የአንድ ሰፈር ቁጥር ግን መልስ ይጠይቃል።

ዕድሜያችን በወረቀት ላይ

አንዲት አድማጫችን "ባለቤቴ ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ በቴዑዳት ዜሁት ግን እኔ በስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ። ይህ ነገር እንዴት ነው?" ብላ ጠይቃናለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ በብዙ ቤት አለ።

በገጠር የተወለደ ሰው የልደት ምስክር ወረቀት አልነበረውም። ዕድሜው የሚታወቀው በነገር ነበር፤ "ጣልያን ሲወጣ ድክ ድክ እል ነበር"፣ "ንጉሡ ሲወርዱ አግብቼ ነበር" እየተባለ። ይህ ራሱ ጥሩ ዘዴ ነው፤ የሕዝብ ቆጣሪዎችም ወረቀት በሌለበት አገር የታወቁ ታሪኮችን በዝርዝር ይዘው ዕድሜ የሚገምቱት እንዲሁ ነው። ችግሩ የመጣው እዚህ ሲደረስ ነው። በሚቭጻ ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው በጥድፊያ ሲመዘገብ ቀኑ በግምት ይጻፋል፤ ለብዙ ሰው ወሩና ቀኑ እንዲያው ተሰጥቷል። በዚያ ላይ የዘመን አቆጣጠራችን ከፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደኋላ ነው። በእኛ 1950 የተወለደ ሰው በእነሱ 1957 ወይም 1958 ነው። ሳይቀየር 1950 ተብሎ ከተጻፈ ሰውየው በአንድ ብዕር ሰባት ስምንት ዓመት አረጀ።

ይህ የጡረታ ጉዳይ ነው። የወንድ የጡረታ ዕድሜ 67 ነው። በወረቀት ያረጀ ሰው ጉልበት እያለው ከሥራ ይሰናበታል። በወረቀት የወጣ ሰው ደግሞ ወገቡ እያመመው የቢቱዋሕ ለኡሚ አበል ይጠብቃል። በስታቲስቲክሱም ላይ ይታያል፤ ሰው ዕድሜውን ሲገምት 40፣ 50፣ 60 እያለ ሞላ ያለውን ቁጥር ስለሚመርጥ በእነዚህ ዕድሜዎች ላይ ሰው ይከመራል፣ 41ና 59 ላይ ይሳሳል። ባለሙያዎች ይህን ክምር አይተው የዕድሜው መረጃ ምን ያህል እንደሚታመን ይለካሉ። ለአረጋውያን የቀን ማዕከል የሚያቅድ ሰው የእኛን ማኅበረሰብ ዕድሜ ከወረቀት ብቻ ካነበበ ይሳሳታል ማለት ነው።

ቆጠራ ሲዘገይ፦ የኢትዮጵያ ትምህርት

ቆጠራ ባይኖርስ ምን ይሆናል? ኢትዮጵያን እንይ። እዚያ እስካሁን ሦስት ቆጠራ ተደርጓል፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999/2000 በኢትዮጵያ አቆጣጠር። የሕዝቡ ብዛት በመጀመሪያው 42 ሚሊዮን ተኩል፣ በሁለተኛው 53 ሚሊዮን ተኩል፣ በሦስተኛው 74 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይደረግ ይላል። አራተኛው ግን በጸጥታ ምክንያት ደጋግሞ ተራዘመ።

ውጤቱ ምንድን ነው? ዛሬ ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ የሚነገረው ሁሉ ትንበያ ነው። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ አገልግሎት ትንበያና የተባበሩት መንግሥታት ግምት በመካከላቸው ከ15 ሚሊዮን ሰው በላይ ይለያያሉ። ይህ የእስራኤልን ጠቅላላ ሕዝብ ይበልጣል!

ትንበያ ደግሞ ሊሳሳት ይችላል። የሦስተኛው ቆጠራ ውጤት በ2008 ለፓርላማ ሲቀርብ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ፤ ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ አነሰ። ፓርላማው ውስጥ ጥያቄ ተነሣ። ወሊድ ስለቀነሰ ነው ያለ አለ፣ ሞትና ፍልሰት ነው ያለ አለ፣ ሳይቆጠር የቀረ ሕዝብ ነው ያለም አለ። በጀት በሕዝብ ቁጥር ስለሚከፋፈል ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ዛሬም ድረስ ይነሣል። ከዚህ የምንማረው ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ ነው። የተቆጠረው ሕዝብ በቆጣሪው መተማመን አለበት።

ምስጢር ይጠበቃል ወይ?

በእስራኤል ይህን የሚገዛው የ1972ቱ የስታቲስቲክስ ሕግ ነው። ሁለት ነገር አንድ ላይ ይላል። በአንድ በኩል የተጠየቀ ሰው መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። በሌላ በኩል ቢሮው የአንድን ሰው መልስ ለሌላ አሳልፎ እንዳይሰጥ ይከለከላል፤ ለግብር ሰብሳቢም ቢሆን። ሠራተኞቹ ምስጢር ለመጠበቅ ይፈርማሉ።

ቢሆንም ተጠንቀቁ። "ከላማስ ነኝ" ያለ ሁሉ ከላማስ አይደለም። እውነተኛ ቆጣሪ መታወቂያ ያሳያል፤ የባንክ ቁጥር ወይም የካርድ ምስጢር ቁጥር አይጠይቅም። ከተጠራጠራችሁ ስልኩን ዝጉና ራሳችሁ ወደ ቢሮው ደውላችሁ አረጋግጡ። ለሽማግሌ ወላጆቻችሁም ይህን ንገሯቸው፤ ደብዳቤው በዕብራይስጥ ሲመጣ አብራችሁ አንብቡት። ያልገባው ሰው ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በናሙናው ውስጥ እሱን የሚመስሉ ብዙ ሰዎች የእሱን መልስ እንደጠበቁ ይቀራሉ።

ቁጥር ስትሰሙ ምን ትጠይቁ?

ለማጠቃለል አራት ጥያቄ ልስጣችሁ፤ ዜና ስትሰሙም፣ ዒሪያ ስብሰባ ስትገቡም ይጠቅሟችኋል።

አንደኛ፣ ማን ነው የተቆጠረው? የልጅ ልጆች አሉበት ወይስ የሉበትም?

ሁለተኛ፣ ከስንት ውስጥ? "መቶ ልጆች" ከሁለት መቶ ውስጥና ከሁለት ሺህ ውስጥ አንድ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ምን ተብሎ ተለካ? ባግሩትን ውሰዱ። "ባግሩት አገኙ" የሚለው አንድ ቁጥር ነው፤ "ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ባግሩት አገኙ" የሚለው ሌላ፣ ያነሰ ቁጥር ነው። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የመጀመሪያውን ሲነግራችሁ ሁለተኛውን ጠይቁ። የልጃችሁ ዕጣ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አራተኛ፣ ከመቼ ጋር ሲወዳደር? ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው ተሻለ ወይስ ባሰ? ጎረቤታችንስ በዚያው ጊዜ ምን ያህል ሄደ? እኛ አንድ እርምጃ ሄደን ሌላው ሁለት ከሄደ ተሻሻልን፣ ግን ራቅን።

እናቶቻችን ልጅ አይቆጠርም ያሉት ልጁ እንዳይነካባቸው ነው፤ ፍቅር ነው። ዛሬ ግን ያልተቆጠረ ልጅ ወንበር ሳይዘጋጅለት ክፍል የሚገባ ልጅ ነው። እንግዲህ ቆጠራ ሲመጣ በሩን እንክፈት፣ ቁጥሩ ሲወጣ ደግሞ ጥያቄ እንጠይቅ። በመለኪያው ላይ፣ ማለትም የልጅ ልጆቻችን ይቆጠሩ ወይስ አይቆጠሩ በሚለው ላይ የእናንተን ሐሳብ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅት እናነበዋለን።